ፍሬን ያለው ስኩተር

ጎባ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ወዚርን ያውቀዋል። ጫማ ነጋዴ ነው። መስከረም ሊጠባ ሲል ሱቁ በር ላይ ያለው ግፊያ ወፍጮ ቤትን ያስንቃል። ልጁ ጫማውን አጥልቆ ሲራመድ ተረከዙ ውልቅ ውልቅ ካለ፣ እናቲቱም ፊቷን ቅጭም ካደረገች፣ የወዚር መልስ አፉ ላይ ናት፤ «ጥጥ ጠቅጥቂበት፤ ያድግበታል።» ብዙ የጎባ ልጅ አንደኛ ክፍልን የጀመረው በሦስተኛ ክፍል ጫማ ነው። የኔም ልጆች እንደዚያው ናቸው። ማደጉን አድገዋል፣ አልዋሽም። ጫማው ግን እስኪያድጉ አልጠበቃቸውም።

ጎረቤቴ ነው። ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ከቆርቆሮዎቹ አንዷ ከላላች ቆይታለች። ሚስቱ ሞሚና በዚያች ክፍተት በርበሬ ታቀብለኛለች፣ እኔ ደግሞ ወሬ አቀብላታለሁ።

ሞሚናና ወዚር ከተጋቡ በኋላ ልጅ ሳይመጣላቸው ብዙ ዓመት ቆዩ። እሷ ድሬ ሼህ ሁሴን ድረስ ሄዳ ተሳለች፤ እኔም በበኩሌ ለማርያም ተሳልኩላት። የማንኛችን ስለት እንደደረሰ እስካሁን እንከራከራለን። ብቻ ሰቢሪና መጣች፤ ከሷም በኋላ ሌላ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ሞሚና ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አንስታ አታውቅም። ሰቢሪና ሰባት ዓመት እስኪሆናት ድረስ ብቻዋን የሄደችበት ሩቅ አገር ቢኖር የኔ ቤት ነው፤ እሱንም በአጥሩ ክፍተት ሾልካ።

ወደ ሮቤ የሚወርደው አስፋልት በደጃችን ነው የሚያልፈው። የሰፈሩ ልጆች ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ እየለቀሙ፣ ጣውላ ላይ እየመቱ ስኩተር ይሠሩና ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ሲያንኳኩት ይውላሉ። ሰቢሪና አጥሩ ስር ተቀምጣ ታያቸዋለች። አንድ ቀን ከእናቷ ጋር የተነጋገሩትን በዚያችው ክፍተት ሰማሁ።

«እማ፣ እኔም ስኩተር።»

«የነሱ ፍሬን አለው?»

«የለውም። በጫማቸው ነው የሚያቆሙት።»

«ጫማቸውን ማነው የሚሸጥላቸው?»

«አባ።»

«በቃ፣ ያ ለአባትሽ ገበያ ነው። ላንቺ አይሆንም።»

ወዚር ግን አልቻለም። ልጅቷ አጥር ስር ኩርምት ብላ የሰው ልጅ ጨዋታ ስታይ ሆዱ ይባባል። «ልጅ እንቁላል አይደለም ሞሚና፤ ታቅፈሽው አትቀሪም» እያለ ሲነዘንዛት ሰነበተ። በመጨረሻ እሺ አለች። እሺታዋ ግን ማሰሪያ ነበረው።

«ፍሬን ያለው ከሆነ ብቻ። ፍሬን የሌለው ነገር ደጄን አይረግጥም። ሠርከአዲስም አብራህ ትሂድ።»

«እሷ ደግሞ ለምን?»

«አንተ ነጋዴ ነህ። ሻጩም ነጋዴ ነው። ስለ ገበያ ስታወሩ ፍሬኑን ትረሱታላችሁ።»

ሠርከአዲስ እኔ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ስኩተር የሚባል ትምህርት ደግሞ በየትኛውም ክፍል አልገጠመኝም። ፍሬን ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ከጊኒር ስመለስ ፍሬኑ የከዳው አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ነበርና፣ የተማርኩት በደንብ ነው።

ሮቤ ገበያው ዳር ጀሊል የሚባል ልጅ ሱቅ አለው። ከሞያሌ በኩል የሚገባ ዕቃ ያመጣል፤ ፌስታል ውስጥ የማይገባ ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ይገኛል። ሁለት ዓይነት ስኩተር አሳየን። አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ።

«ልጅቷ ምን ታህላለች?» አለ ጀሊል።

ወዚር በእጁ ሆዱ ላይ ለካለት።

«እንግዲያው ይቺ ናት የሷ» አለ ትንሿን ወደፊት እየገፋ። «ስትቆምባት መሪው ከወገቧ ብዙ ከፍ አይበል። አንገቷ ጋ ከደረሰ ማዞር ያቅታታል። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ አንድ እግሯ መሬት እንዲደርስ። ጎማዋም ወፈር ይላል፤ ጠጠር ላይ አትደነቃቀፍም።»

ወዚር ትንሿን አያያትም። ዓይኑ ትልቁ ላይ ተሰክቷል። «ይሄስ?»

«እሱ ለትልቅ ሰው ነው። መቶ ኪሎ ይሸከማል።»

መቶ ኪሎ ሲባል የወዚር ፊት በራ።

«እንግዲህ ሰቢሪና መቶ ኪሎ እስክትገባ ድረስ ሌላ አያስፈልጋትም ማለት ነው» አልኩ።

«አንቺ ቀልጂ እትዬ ሠርኬ። ልጄ ዘንድሮን ብቻ ነው እንዴ የምትኖረው? ታድግበታለች።»

«ወዚር፣ ይሄ እኮ ጫማ አይደለም» አለ ጀሊል። «ጫማ ቢሰፋ ይወልቃል። ይሄ ቢሰፋ ግን…»

ወዚር አላስጨረሰውም። ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ራሱ ለእናቶች ሲነግር የኖረውን ሌላ ሰው እንዴት ሊያስቀይረው ይችላል? እኔም የተላክሁበትን ጠየቅሁ። «ፍሬኑን አሳየኝ።»

ጀሊል ሱቁ ውስጥ ለማሳያ የቆመውን ትልቁን ስኩተር ገለበጠው። የኋላውን ጎማ በጣቱ አሽከረከረና ጎማው ላይ የተደፋውን ብረት በመዳፉ ተጫነው። ጎማው ቀጥ አለ። «በተረከዟ ስትረግጠው እንዲህ ነው።» እኔም ራሴ አሽከረከርኩ፣ ራሴ ተጫንኩ። ቀጥ አለ። ለሞሚና የምመሰክረውን አገኘሁ።

ወዚር ግን የታየውን፣ ሰው የነካካውን ዕቃ አልፈልግም አለ። ካርቶኑ ያልተከፈተ ይምጣልኝ አለ፤ መጣለት። ጀሊል ምርቃት ብሎ ሄልሜት ጨመረለት። እሱም ትልቅ ነው፤ ሌላ ልክ አልነበረም። ወዚር «እሱንም ታድግበታለች» ሲል ጀሊል ወደኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ደግሞ ጣሪያውን አየሁ።

ቤት ደርሰን ካርቶኑ ሲከፈት ሰቢሪና ሮጣ መጣች። መሪውን ጨብጣ ከኋላው ስትቆም ከመሪው በላይ የታየኝ ዓይኗና ግንባሯ ብቻ ነው። ሞሚና እኔን አየችኝ።

«ፍሬን አለው?»

«አለው። በእጄ ሞክሬዋለሁ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ሄልሜቱን ተቀብላ ውስጡን በስፖንጅ ሞላችው፣ በልጅቷ አገጭ ስር በሻሿ አጥብቃ አሰረችው። የሰቢሪና ጭንቅላት ጎመን መሰለ።

ስኩተሩ ከአናቱ እስከ ጎማው በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ላስቲኩን የሚያነሳ የለም። በኛ ሰፈር አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ከተፈታ አዲስነቱ አበቃ ማለት ነው። የኔ የቴሌቪዥን ሪሞት እስካሁን ከነላስቲኩ ነው፤ ቁጥሮቹ አይታዩም እንጂ አዲስ ነው። የወዚር ሶፋም እንደዚያው ነው፤ እንግዳ ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል፣ ሲነሳ ልብሱ ተጣብቆ ይከተለዋል።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሁሉ ግቢ ውስጥ ሆነ። ሞሚና የመሪውን አንገት በገመድ አስራ ልጅቷን ከበር እስከ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት እስከ በር ትስባታለች።

«ጥጃ አስለመድሽ?» አልኳት በአጥሩ በኩል።

«ጥጃ ብትሆን መች ሰጋሁ። ጥጃ አራት እግር አለው።»

ሰቢሪና ማቆም ስትፈልግ አንድ እግሯን አፈሩ ላይ ትጎትታለች፤ ይቆማል። አፈር ላይ ማን ፍሬን ያስታውሳል? ላስቲኩ በየቦታው መቀዳደድ ሲጀምር ወዚር ደነገጠ። ከሱቁ የጫማ ካርቶን የሚያሽግበትን ሰፊውን ፕላስተር አመጣና አንድ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ጠቀለለው። መሪውን፣ ዘንጉን፣ የሚቆምበትን ወለል፣ የኋላውን የጎማ ክዳን ከላይም ከታችም። ሲጨርስ ፀሐይ ላይ አቁሞ አየው። እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

«እንዲህ ሲሆን ዓሥር ዓመት አይነካውም» አለኝ።

«አዎ፣ ለሠርጓ ይደርሳል» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ ነን፤ ስንዴው ገብቶ ከተማው ገለባ ገለባ ይሸታል። እሑድ እሑድ መኪና ስለሚሳሳ፣ ከታች በኩል የሚኖሩት ሴትዮ አደ ጤቤ የአስፋልቱን ዳር ይዘው ሸራ ዘርግተው ስንዴ ያሰጣሉ። እኔ በሬ ላይ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ። በዚያን እሑድ ሞሚና ልጅቷ ወደ አስፋልቱ እንድትወጣ ፈቀደች። ገመዱን ፈትታ መሪውን ለወዚር አስረከበች።

«እንዳትለቃት።»

«አልለቃትም።»

«ቢስሚላሂ በል።»

«ቢስሚላሂ። ግቢ አሁን፣ አንቺ ስታያት ነው የምትፈራው።»

ሞሚና ገባች። በነሱ በር ፊት አስፋልቱ ለጥ ያለ ነው። ከዚያ ወደኔ በር ትንሽ እልፍ ሲሉ ግን ሳይታወቅ ያዘነብላል፤ በእግር ለሚሄድ ሰው አይታወቅም፣ ውኃ ሲፈስበት ነው የሚታወቀው። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው፤ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ኩርባ አለ፣ ከሮቤ የሚመጣ መኪና ከዚያ ጀርባ ድንገት ነው ብቅ የሚለው።

አባትና ልጅ ወዲህ ወዲያ አሉ። ወዚር መሪውን በአንድ እጁ ይዞ አብሮ ይሮጣል፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ይሮጣል። ሰቢሪና ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ከነሱ በር ትንሽ እንዳለፉ ሐጂ መሀመድአወል ከዘራቸውን ይዘው ከላይ መጡ። ወዚርን ቁርአን ያስቀሩት መምህሩ እሳቸው ናቸው።

በኛ አገር ሽማግሌ የሚጨበጠው በሁለት እጅ ነው፣ ጎንበስ ተብሎ። በአንድ እጁ የሚጨብጥ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ካድሬ ሆኗል። ወዚር ሁለቱንም አይደለም። መሪውን ለቀቀና በሁለት እጁ የሐጂን እጅ ያዘ።

«አካም ጂርቱ ሐጂ?»

ሰላምታችን ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም። እሳቸው የሱን ጤና ጠየቁ፣ እሱ የሳቸውን ጠየቀ። ከዚያ ሐጂ «ኢጆሌን ነጋዳ?» አሉ፤ ልጆች ደህና ናቸው ወይ ማለታቸው ነው። ወዚር አንገቱን ደፍቶ እንዳለ «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ያንን ሲል ሰቢሪና በጀርባው በኩል ቁልቁል ሄዳለች።

አየኋት። መጀመሪያ የምትጫወት መሰለኝ፤ ድምፅ የላትምና። ልጅ ሲፈራ ይጮኻል ብዬ ነበር የማምነው። በፊቴ ስታልፍ ከመሪው በላይ ዓይኗ ብቻ ታየኝ፤ ዓይኗ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን አይደለም። ከኋላ ደግሞ ቀኝ እግሯ ይርገፈገፋል። ሚዛን የሳተች ነው የመሰለኝ።

ምስሩ ከነሰፌዱ ተደፋ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣ ነገር የለም። ሮጥኩ። ነጠላ ጫማዬ አንዱ የት እንደቀረ እስከዛሬ አላውቅም። ስኩተሩ ይርቃል፣ የሰቢሪና ቀሚስ ከኋላዋ ይነፋል፣ እኔ ሮጬ ሮጬ ያው እዚያው ነኝ። ከታች አደ ጤቤ ዶሮ ሊከለክሉ ይዘውት የነበረውን ዱላ ጥለው ብድግ ሲሉ ይታየኛል። ልጅቷ መሪውን ለማዞር ትከሻዋን ስትጥል ይታየኛል። ትንሽ ብቻ ዞረላት፣ ወደ ዳር።

የፊተኛው ጎማ ስንዴው ውስጥ ገባና እንደ ተቸነከረ ቆመ። ልጅቷ ግን አልቆመችም። መሪው አፏን መታት፣ በላዩ ተሻግራ ሄደች፣ ስንዴው መሃል በክንዷ ላይ ወደቀች። በዚያው ቅጽበት ከኩርባው ጀርባ የእህል ጭነት የሞላ መኪና ብቅ አለና ጥሩምባውን እየነፋ አጠገባችን አለፈ። ንፋሱ ነጠላዬን ገፈፈኝ። ስጡ እዚያ ባይኖር ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬዋለሁ፤ ጨርሼው አላውቅም።

«ኢንተላ ኮ» ይላሉ አደ ጤቤ፣ ልጄን ልጄን ማለታቸው ነው፤ ተንበርክከው ከፊቷ ላይ ስንዴ ያራግፋሉ። ስንዴው ቀልቷል። ሄልሜቱ ከአንድ ወገን ተሰንጥቋል፤ ሻሹ ግን አልተፈታም። ሰቢሪና ዓይኗን ገልጣ ታየናለች፣ አሁንም ድምፅ የላትም። ሞሚና በባዶ እግሯ መጣች። ማን እንደጠራት አላውቅም። ወዚርን ዞሬ ሳየው መንገዱ ላይ እዚያው ነው፤ ሐጂ እጃቸውን ወስደዋል፣ የሱ ሁለት እጆች ግን እንደተዘረጉ ቀርተዋል።

ባጃጅ ነጂው ኢታና ሁላችንንም ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰን። ክንዷ ተሰብሯል ተባለ፤ በጀሶ ታሰረ። ከንፈሯ ተሰፋ። ሁለት የፊት ጥርስ ወልቋል፤ ሐኪሙ «የወተት ጥርስ ናቸው፣ መውደቃቸው አይቀርም ነበር» ብሎ ሊያጽናናን ሞከረ። ጭንቅላቷን ግን ደጋግሞ አየና «ይሄን ቆብ ማነው ያሰረላት?» አለ። ሞሚና እጇን አወጣች፣ እንደ ተማሪ። ሌላ ነገር አላላትም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። የሰው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ፍሬን የለውም እንዴ?»

«ፍሬንማ አለው» ይላል ወዚር፣ ድምፁ ተሰብሮ። «እትዬ ሠርኬ በእጇ ሞክራዋለች። ልጅ አይደለች? ደንግጣ ሳትረግጠው ቀረች።»

ሰቢሪና ፍራሽ ላይ ጋደም ብላለች። ከንፈሯ አብጦ ቃሉ እየተንሻፈፈ ይወጣል። «ረግጬዋለሁ።»

«እሺ የኔ ልጅ። አይዞሽ።»

«አባ፣ ረግጬዋለሁ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ። ማንም አልተቆጣሽም።»

አንዲት ጠያቂ «ልጅ ሲደነግጥ ያደረገውንና ያላደረገውን አይለይም» አለች። ሌላዋ እውነት ነው አለች። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ፍሬኑን በመዳፌ ተጭኜ ሲይዝ አይቼዋለሁ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አስፋልቱ ላይ ያላለቀሰችው ልጅ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ሞሚና ተነሳች። የቡና ረከቦት ልታመጣ የሄደች መስሎን ነበር። ወደ በረንዳው ወጥታ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ስኩተር ገለበጠችው። ስንዴ ከውስጡ ረገፈ። የኋላውን ጎማ በእጇ መታችው፤ መሽከርከር ጀመረ። ከዚያ የጎማውን ክዳን በመዳፏ ተጫነችው።

ጎማው መሽከርከሩን አልተወም።

በሁለት እጇ ተጫነችው። ከውስጥ የላስቲክ ድምፅ ይሰማል፤ ሽር፣ ሽር፣ ሽር። ተንበርክካ በክርኗ፣ በክብደቷ ተጫነችው። ጎማው እየተንሸራተተ ይዞራል። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሚዛን የሳተ የመሰለኝ እግር ፊቴ ላይ መጣ። እየረገጠች ነበር። በፊቴ ያለፈችው እየረገጠች ነው፤ እስከ ስንዴው ድረስ እየረገጠች ነው የሄደችው።

ወዚር በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ያን ፕላስተር በእጁ አለስልሶ፣ አረፋ እንዳይዝ በጥፍሩ እየዳበሰ ነው የጠቀለለው። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«ቢላ» አለች ሞሚና።

እኔ ነኝ ያቀበልኳት። ከጎማው ክዳን ስር ያለውን ፕላስተር ጫፉን አግኝታ ሳበችው። እንደ ቁስል ፋሻ ተጣጥፎ፣ ከስሩ የፋብሪካው ላስቲክ፣ ከዚያ ስር ደግሞ ነጭ የማሸጊያ ስፖንጅ ወጣ። ስትጨርስ ጎማውን እንደገና መታችው፣ ክዳኑን በአንድ ጣት ተጫነችው። ቀጥ አለ።

ዞራም ባሏን አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። «ግባና ንገራት» አለችው።

ወዚር በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አልፎ ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከ። ሰቢሪና ከግድግዳው አልዞረችም።

«ረግጠሽዋል» አላት። ቆይቶ ደግሞ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንቺ ረግጠሻል» አለ። ልጅቷ ደህናውን እጇን ወደኋላ ዘረጋችለት። ጠያቂዎቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ።

ጀሶው ሲፈታ ወዚር ሰቢሪናን ይዞ ሮቤ ወረደ። ጀሊል ልጅቷን ራሷን አቁሞ ለክቶ ትንሿን ሰጠው፤ ሄልሜትም በልኳ አስመጣላት። ትልቁን ግን መልሼ አልወስድም አለ፣ ማን ይገዛኛል ብሎ። ወዚር ዕቃውን ቤት እንዳደረሰ ላስቲኩን በረንዳው ላይ እየተጣደፈ ሲልጥ አየሁት። ቢሆንም ሞሚና አዲሱን ስኩተር ተቀብላ ጓዳ ቆለፈችበት። ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ልጅቷ ወደ አጥሩ ስር ተመለሰች።

እንዲህ ስንት ሳምንት እንደቆየን አልቆጠርኩም። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሞሚናን «እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

«እስካውቀው ድረስ።»

«ምኑን?»

«የምፈራውን ነገር። ሰው ፍሬን አለው ሲለኝ አለው አልኩ። ሰው አልረገጠችም ሲለኝም ዝም አልኩ። እኔ ምን አውቄ ነው እሺም እንቢም የምለው?»

በሚቀጥለው እሑድ በሬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የነሱ በር ተከፈተ። ሞሚና ወጣች። ትልቁን ስኩተር እየገፋች ነው። ድሪያዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋዋለች፣ እግሯ ላይ የወዚር ሸራ ጫማ አለ። ከኋላዋ ሰቢሪና፣ ከሰቢሪና ኋላ ወዚር። እኔ ልጅቷን ልታወጣት ነው ብዬ ነበር። ሞሚና ግን አስፋልቱ ላይ ደርሳ ራሷ አንድ እግሯን አነሳችና ስኩተሩ ላይ ቆመች።

ምስር ይዤ ቢሆን ኖሮ ሰፌዱ ዳግመኛ ይደፋ ነበር። አርባ ዓመት ያለፋት የሰው ሚስት፣ ሰንበት ቀን፣ በአደባባይ። ባጃጁን ቀዝቀዝ ያደረገው ኢታና አንገቱን አስግጎ ቀረ።

«ሞሚና፣ ሰው ምን ይላል?» አለ ወዚር ቀስ ብሎ።

«ፍሬኑ ይዟል ወይ አልያዘም ይላል። ሌላ ምን ይላል?»

«እኔ ልሞክረው በቃ።»

«አንተ ሞክረህ ትነግረኛለህ። እኔ መነገር አልፈልግም።»

ሰቢሪና ግን እናቷን እንደ ሥራ ተቆጣጣሪ ትዞራታለች። «እማ፣ ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ። እንዲህ። ወደ ታች አትይ፣ ወደፊት እዪ።»

«እሺ።»

«ፍሬኑን በአንዴ እንዳትረግጪው። ቀስ፣ ቀስ እያልሽ። በአንዴ ከረገጥሽው ይጥልሻል።»

«እሺ አልኩ።» እንደዚህ ያለ የታዘዘ ድምፅ ከሞሚና ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ገፋችው። መጀመሪያ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ቀና አለች፣ ከዚያ የማይታወቀው ቁልቁለት ያዛት። ድሪያዋ ተነፋ። ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በፊቴ አለፈች፤ ዓይኗን አየሁትና ያንኑ ዓይን አገኘሁበት። ብድግ አልኩ። ወዚር ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ በጣቶቹ መሃል ያያል። ተረከዟ ወደኋላ ሄደ። ረገጠች። አንዴ፣ ላላ አደረገች፣ ደግማ ረገጠች። ጎማው ጮኸ። ስኩተሩ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄዶ ኩርባው ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ሞሚና ግን አልወረደችም። ጀርባዋን ሰጥታን መሪውን እንደጨበጠች ቀረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሮጬ ስደርስ ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች፣ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለቱንም ነበር።

«ያዘ» አለችኝ። «ሠርኬ፣ እግሬ ስር ሲይዝ ተሰማኝ። ልጄ ስትረግጥ ግን ይሄ ነገር አልተሰማትም። ባዶ ነው የረገጠችው። እዚህ ድረስ ባዶ እየረገጠች።» መሪውን መልቀቅ አቅቷት ጣቶቿን እኔ ነኝ አንድ በአንድ የፈታሁላት።

ሽቅብ እየገፋን ተመለስን። ሰቢሪና መንገዱ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ስለ እናቷ አነዳድ አስተያየት የሚኖራት መስሎኝ ነበር፤ የላትም። ቀና ብላ እናቷን አየች።

«አሁን እኔ» አለች።

ወዚር ምድሩን አየ። ሞሚና ልጅቷን ብዙ አየቻት፤ ስፌቱ ጠባሳ የተወበትን ከንፈር፣ ከጀሶ ወጥቶ ገና የሳሳውን ክንድ። ከዚያ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና የጓዳውን ቁልፍ ፈታች።

«ሄልሜትሽንም አምጪ» አለቻት።

ልጅቷ ስትሮጥ ሞሚና ወደ ታች ተራመደች፤ መንገዱ ማዘንበል በሚጀምርባት ቦታ ላይ ስትደርስ ዞረችና እግሯን ከፈት አድርጋ ቁልቁለቱን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች።